አየዮ ይቅደሙ

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ወንበሩን ታናሽ ወንድሜ ስለወሰደብኝ ደብተሬን የመስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግቻለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ አኮርፍ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን በሁለት እግር መቆም ለእኔ ድግስ ነው። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ለምን እንደሆነ ትረዱኛላችሁ።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው ጅጅጋ ነው። አባቴ የመንግሥት ሾፌር ነው፤ ከጎጃም ተዛውሮ ሲመጣ እኔ ገና ድክ ድክ የምል ልጅ ነበርኩ አሉ። ስለዚህ ጎጃምን በወሬ፣ ጅጅጋን ግን በነፋሷ አውቃታለሁ። በሰፈራችን ሁለት ነገር ያስመሰግነኝ ነበር፤ አንዱ የእጅ ጽሑፌ፣ ሌላው ሥርዓቴ። ትልቅ ሰው ሲመጣ ከሁሉ ቀድሜ የምነሣ፣ ቦኖ ውኃ ላይ ለአሮጊት ተራዬን የምለቅ ልጅ ነበርኩ። «የማን ልጅ ናት? ተባረኪ» ሲሉኝ ውስጤ ይሞቃል። እውነቱን ልናገርና፣ ሌሎች ልጆች ቴምብር እንደሚሰበስቡ እኔ ምርቃት እሰበስብ ነበር።

አንድ ቀን ነፋሱ ከትምህርት ቤታችን መጸዳጃ ቤት ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ገነጠለ። ልጆቹ ሁሉ ሲሮጡ እኔ የወደቀ እርሳሴን ለማንሣት ጎንበስ አልኩ። ቆርቆሮው ግራ እግሬን ከጉልበቴ በታች እስከ አጥንቱ ሰነጠቀው።

የተኛሁበትን ሆስፒታል ስም አልጽፍም። በተፈጠረው ነገር ውስጥ የእኔም እጅ አለበትና፣ የራሴን ስም ደብቄ የእነሱን ማውጣት ደግ አይመስለኝም። ዶክተሩ ሰፋኝና «በሳምንት ውስጥ ትወጫለሽ» አለኝ። አመንኩት።

ክፍላችን ስድስት አልጋ ነበረው፤ አንዱ ባዶ ነው። በሩ ጋ እኔ ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ እትዬ ብርቄ፣ የአሥር አለቃ ሚስት፣ ትርፍ አንጀት አሟቸው የተቀደዱ። ሲስቁ ስፌታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም መሳቅ አይተዉም። ከእሳቸው ወዲያ ፋዱሞ፣ ፕሪመስ ምድጃ ፈንድቶ ክንዷን ያቃጠላት ባለ ሻይ ቤት። ከማዶ ሳህራ፣ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ የተገላገለች፣ ከእኔ በአራት ዓመት ብቻ የምትበልጥ። ከሳህራ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር፣ አየዮ ደሃቦ።

አየዮ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። የመጡት ደምበል ከምትባል የሶማሌ ገጠር ነው። በወጣትነታቸው ኤረር ባቡር ጣቢያ ወተት ሲሸጡ አማርኛን ከመንገደኛ ስለለመዱ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቁም፤ ዶክተሩንም «አንተ ልጅ» ነው የሚሉት። እግራቸው ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ ያለ ቁስል ነበር። ስለ ቁስሉ ሲጠየቁ ወሬ ይለውጣሉ። የሳህራን ሕፃን ግን ቀኑን ሙሉ ደረታቸው ላይ አስተኝተው ያንጎራጉሩላታል።

መጀመሪያ ቀን ስልቹ ሆኜ ስነጫነጭ ሲስተር ዘነበች ግማሹ ያልተጻፈበት አሮጌ መዝገብ ሰጠችኝ። «በይ የክፍሉ ጸሐፊ ሁኚ፤ ማን ገባ ማን ወጣ፣ ሁሉንም መዝግቢ» አለችኝ። ለቀልድ ነበር ያለችው። እኔ ግን የምር ያዝኩት። ማን ምን በላ፣ ማን ምን አለ፣ ለማን ስንት ጠያቂ መጣ፣ ዝንብ ሳይቀር እመዘግብ ነበር። የሰው ንግግር ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ራሱ ሰውየው የመጣ ያህል እንደሚሆን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ቁስላችንን የሚያጥቡልን ድሬሰሩ ጋሽ ተፈራ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጋሪያቸውን እየገፉ ይመጣሉ፤ ፋሻ፣ ጥጥ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን የቁስል ማጠቢያ መድኃኒት፣ ሳህኑ ውስጥ ሁለት ረጃጅም ወረንጦ። ውኃ በቦቴ ስለሚመጣ፣ መድኃኒቱም ስለሚያጥር፣ የጠዋቱ ሳህን ለክፍሉ ሁሉ ይበቃ ነበር። ከበሩ ይጀምራሉ፤ ማለትም ከእኔ። ሳህራ ብቻ ወንድ ሆዴን አያይም ስላለች፣ ሲስተር መጋረጃ ጋርዳ፣ ዕቃዋን ከማዋለጃ ክፍል አምጥታ ለብቻ ታጥባታለች። ጋሽ ተፈራ በዚህ ሳህራን ሲያበሽቋት «እኔ ሽማግሌው ምን አየሁ ብዬ ላወራ ነው?» ይላሉ።

ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር አደረግኩ። ጋሽ ተፈራ ጋሪያቸውን እኔ ጋ ሲያቆሙ ድምፄን ሁሉም እንዲሰማው ከፍ አድርጌ «ጋሽ ተፈራ፣ አየዮ እያሉ እኔ መቅደሜ ነውር አይደለም? በእሳቸው ይጀምሩ» አልኩ።

ክፍሉ በምርቃት ተሞላ። እትዬ ብርቄ «እንዲህ ነው አሳዳጊ» አሉ። ፋዱሞ «ማሻ አላህ» አለች። ጋሽ ተፈራ ራሳቸው «እኔ ሽበታሙ ያላሰብኩትን» ብለው ጋሪውን ወደ መስኮቱ ነዱ። አየዮ ብቻ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእሳቸው ይጀመርና፣ በፋዱሞና በእትዬ ብርቄ በኩል አድርጎ እኔ ጋ ያልቅ ጀመር። እኔም በመዝገቤ ጻፍኩት።

በስድስተኛው ቀን ፋሻዬ ሲፈታ ጥጡ ላይ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ቅጠል የተጨመቀበት ይመስል ነበር። ሽታውም የመግል ሽታ አይደለም፤ የሚያጥወለውል ጣፋጭ ነገር ነው። በማግስቱ የእትዬ ብርቄ ስፌት ተከፈተ። ከዚያ የፋዱሞ ክንድ መገለ። ዶክተሩ ፔኒሲሊን አዘዘ። ቀጥሎ ክሎራምፌኒኮል። ቀጥሎ አምፒሲሊን። መርፌው በዛ፣ ትኩሳቱም በዛ። እትዬ ብርቄ መሳቅ አቆሙ። ጋሪው ሲመጣ የአንሶላቸውን ጫፍ ይነክሳሉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዶክተሩ አባቴን ኮሪደሩ ላይ ጠራው። በሩ አይገጥምም ነበርና ሁሉንም ሰማሁ።

«መድኃኒቱ እየሠራ አይደለም» አለ ዶክተሩ። «አጥንቱ ውስጥ ከገባ እግሯን ከጉልበቷ በታች መቁረጥ ሊኖርብን ነው። ነፍሷን ለማዳን።»

አባቴ «ሌላ ምንም የሚሞከር የለም?» ሲል ሰማሁት።

«ቁስሏ ውስጥ ያለው ተባይ የትኛውን መድኃኒት እንደሚፈራ ቢታወቅ ነበር። ምርመራው ሐረር ነው ያለው። የእኛ መኪና የሚሄደው ደግሞ በሳምንቱ መጨረሻ ነው።»

«እኔ ዛሬ ሐረር ጭነት አለብኝ። ስጡኝ።»

ጭነት አልነበረውም። ከአለቃው ጋ ምን ብሎ እንደተነጋገረ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ሲስተር ከአራታችን ቁስል በጥጥ የተነካ ናሙና አዘጋጅታ፣ በጠርሙስ አድርጋ ሰጠችው። ከሳህራም ወሰደች፤ የእሷ ግን ቁስል አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ደርቆ ነበር። አባቴ ሊሰናበተኝ ሲገባ እግሬን በብርድ ልብሱ ላይ ዳሰስ አደረገና «ቶሎ እመጣለሁ» አለኝ። እኔን ይሁን እግሬን ያለው አላወቅኩም።

ውጤቱ በአራተኛው ቀን መጣ። ወረቀቱ ላይ የመድኃኒት ስም ተደርድሯል፤ በየአንዳንዱ ትይዩ «አይሠራም» የሚል አለ። አንዱ ጋ ብቻ «ይሠራል»፦ ጄንታማይሲን።

«የአራቱም አንድ ዓይነት ነው» አለ ዶክተሩ ለሲስተር። «የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከአንድ ቦታ ነው የተነሡት። ቦታውን ካላገኘነው መድኃኒቱን ብንሰጥም ተመልሶ ይመጣል። ይህኛውንም ከለመደው ከኋላው ሌላ የለንም።»

ጋሽ ተፈራ «ጠያቂ ነው» አሉ። «በየቀኑ ስንት ሰው እየገባ ይጨብጣል? ጠያቂ ይከልከል።»

ሲስተር ራሷን ነቀነቀች። «ከሁሉ የበለጠ ጠያቂ ያላት ሳህራ ናት። አልጋዋ ከአየዮ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ልጇ አየዮ ላይ ነው የምትውለው። እሷ ለምን ዳነች?»

ምሳ እንደተበላ ሲስተር አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

«ያንን መዝገብሽን አምጪው» አለችኝ። «ዝንብ ስትገባ የምትጽፊ ልጅ ነሽ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ አንብቢልኝ።»

ደስ አለኝ። ትኩሳት ላይ ሆኜም ደስ አለኝ፤ ጽሑፌን ሰው ጠየቀኝ። ድምፄን አስተካክዬ ጀመርኩ። «አንደኛ ቀን። እትዬ ብርቄ ሾርባው የእግር መታጠቢያ ነው አሉ። ጋሽ ተፈራ ከእኔ ጀመሩ። ሁለተኛ ቀን። ለሳህራ አሥራ አንድ ጠያቂ መጣ፣ ሁሉም ለሁላችንም ወተት ቀዱልን...»

ገጹን ስገልጥ ዓይኔ ቀድሞኝ ሮጠ። «ሦስተኛ ቀን። ተራዬን ለአየዮ ለቀቅኩ። ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ ተፈራ በአየዮ ይጀምራሉ፣ በእኔ ይጨርሳሉ። ሰባት ምርቃት።»

«ቀጥዪ እንጂ» አለች ሲስተር።

«አራተኛ ቀን» አልኩ።

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ቀን አሞኝ ነበር። አልጻፍኩም።»

ሲስተር ትንሽ አይታኝ፣ ሌላውን አስነብባኝ ሄደች። እኔ መዝገቡን ትራሴ ሥር ከትቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ከዚያን ቀን በፊት ሁላችንም ደህና ነበርን። ጋሪው ከአየዮ እግር ከተነሣ ወዲህ ነው። ወረንጦው የአየዮን ቁስል ነክቶ ሳህኑ ውስጥ ይገባል፤ ከሳህኑ ወጥቶ ወደ ፋዱሞ፣ ወደ እትዬ ብርቄ፣ ወደ እኔ። ሳህራ የዳነችው ከዚያ ሳህን ስላልታጠበች ነው። ያ ሁሉ ምርቃት ወዴት እንደወሰደን አየሁት።

ብናገር አየዮ ይዋረዳሉ፤ ከሰው ለይተው የሚያስወጧቸው መሰለኝ። ዝም ብል እግሬ ይሄዳል። ደግሞ እውነት ለመናገር ከሁለቱም ይልቅ ያስፈራኝ ሥርዓተኛዋ ልጅ መባሌ መቅረቱ ነበር። እንዲህ ተኝቼ ሳለ እትዬ ብርቄ ከአጠገቤ በቀስታ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽን ነው የሚያምሽ? እኔም እኮ ሆዴን ነው፤ አይዞሽ፣ አብረን ነን» አሉኝ። እሳቸውን ያሳመምኳቸው እኔ፣ የሚያጽናኑኝ እሳቸው። አልቻልኩም። ሲስተርን አስጠራኋትና መዝገቡን ገልጬ ሰጠኋት።

አነበበች። ደግማ አነበበች። አልተቆጣችም። «ጋሽ ተፈራን ጥሩልኝ» አለች።

ጋሽ ተፈራ የተጻፈውን ሲሰሙ ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጡ። «ስለዚህ ያዳረስኩት እኔው ነኝ» አሉ። «በገዛ እጄ።»

«እጅዎ ሳይሆን ሳህኑ ነው» አለች ሲስተር።

«ሳህኑን የያዘው ማን ሆነና?» መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «ሥራ ስንማር ነግረውን ነበር፤ ንጹሑ ቁስል ይቀድማል፣ የቆየው መጨረሻ። አውቀው ነበር። ግን ትልቅ ሰው ይቅደም ሲባል... ማን እምቢ ይላል?»

«ከነገ ጀምሮ አየዮ መጨረሻ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ወረንጦ ይቀቀላል፣ ሳህኑም ይቀየራል።»

«እሱን አደርጋለሁ፤ እንቅልፌንም ቢሆን እተዋለሁ። ግን የእናቴን እኩያ 'አንቺ መጨረሻ ነሽ' የሚላቸው ማን ነው? እኔ አልልም፣ ሲስተር። ምላሴ አይታዘዘኝም።»

«ያስቀደምኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔው እነግራቸዋለሁ።»

በክራንች ከበሩ እስከ መስኮቱ ሄድኩ። እንደዚያ የራቀ መንገድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አየዮ ሕፃኗን ለሳህራ አቀበሏት።

«እግርሽን ሊቆርጡ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አየዮ። ስለ እርስዎ ተራ ነው። አይቀየሙኝ።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ሳህኑ፣ ስለ ወረንጦው፣ በእሳቸው ቁስል ውስጥ ስላለው ተባይ። ፋዱሞ ከማዶ ሆና የቸገረውን በሶማሊኛ ታስረዳቸው ነበር።

ስጨርስ አየዮ «ግመል ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ገበያ አይቻለሁ።»

«የገበያ ግመል ግመል አይደለም። ስሚኝ። ጉድጓድ ጋ ስንወርድ ግመሉ ብዙ ነው፣ ውኃው ትንሽ ነው። እከክ የያዛት ግመል መቼ ትጠጣለች?»

«እንጃ።»

«መጨረሻ። የትልቅ ሰው ግመል ብትሆን፣ ወተቷ እንደ ዝናብ ቢወርድ፣ መጨረሻ። ውኃውን ለሌላው ታበላሻለቻ። ይህን እኛ ጋ ጥርስ ያላወጣ ልጅ ያውቃል። እናንተ ግን ደብተር የያዛችሁ ሰዎች፣ እኔን እከካሟን ግመል ለምን አስቀደማችሁ?»

«ትልቅ ሰው ስለሆኑ ነው፣ አየዮ።»

«ትልቅነቴ ጸጉሬ ላይ ነው። እግሬ ትልቅ ሰው አይደለም።»

እትዬ ብርቄ ከስንት ቀን በኋላ ሳቁ። «ኧረ ሆዴን» እያሉ ሳቁ። አየዮ ግን አልጨረሱም። «ደግሞ መቅደም ማን ጠየቀሽ? ጠዋት የተፈራ እጅ በረዶ ነው። እስኪሞቅ ድረስ እኔ ላይ ይለማመዳል። ልጅቷ አክብራኛለች ብዬ ዝም አልኩ።»

ጋሽ ተፈራ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ሳይለይ፣ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሲስተር ያኔ አጋጣሚውን ይዛ ስለ ቁስሉ ጠየቀቻቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን ወሬ አልለወጡም። ከሱቅ የመድኃኒት ፍሬ እየገዙ፣ እየከፈቱ፣ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሱ ነበር። ሲያማቸው ይነሰንሳሉ፣ ሲሻላቸው ያቆማሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ያገኙትን ዓይነት ሁሉ።

«ተባዩ ጥቂት ጥቂት እየቀመሰ ለመደዋ» አለች ሲስተር።

«እንግዲያው እኔ አስተምሬዋለሁ፣ አንቺ ደግሞ አዛውረሽዋል» አሉኝ አየዮ። «ሁለታችንም የመንግሥት ሠራተኛ ነን።»

አባቴ ጄንታማይሲን ሊያመጣ በድጋሚ ሐረር ሄደ። ዶክተሩ ደግሞ ከመርፌው ሌላ፣ ተባዩ ጎምዛዛ አይወድም ብሎ፣ በተፈላ ውኃ የቀጠነ አቼቶ ለመታጠቢያ አዘዘ። አቼቶውን እናቴ ከገበያ አመጣች። ክፍሉ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ፤ እትዬ ብርቄ «አሁን ሽንኩርትና ቃሪያ ነው የቀረን» አሉ። ወረንጦ መቀቀያ ስንቸገር ፋዱሞ ከሻይ ቤቷ ፕሪመስ አስመጣች። «ያቃጠለኝ አይደለም፣ ወንድሙ ነው፤ ይካሰኝ» አለች። ጋሽ ተፈራ ሁለት ሰዓት ቀድመው እየገቡ፣ በየመካከላችን ወረንጦውን ቀቅለው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ አዲስ ሳህን ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ ሳህራን ሲስተር፤ ከዚያ ፋዱሞ፣ እትዬ ብርቄ፣ እኔ። መጨረሻ አየዮ።

የመጀመሪያው ሁለት ቀን ምንም አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቴ ወረደ፤ ዶክተሩ ግን «ገና ነው» አለ። በስድስተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ ለማየት ፈርቼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ክፈቺው» አሉኝ ጋሽ ተፈራ። «ይህን ካላየሽማ ምኑን ጸሐፊ ሆንሽ?»

ከፈትኩ። ጥጡ ነጭ ነበር። ቁስሉ ሥጋ ጀምሮ፣ ጫፍ ጫፉ እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ሆኗል። ዶክተሩ መጥቶ አየ፣ ዳሰሰ፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ ለቆመው አባቴ «እግሯ የራሷ ነው» አለው። አባቴ ወጣ። በመስኮት ሳየው መኪናው ጎማ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ ምንም ያልሆነውን ጎማ ይመረምር ነበር።

እነሆ፣ አንባቢዎቼ፣ ያ እግር ነው አሁን መስኮቱ ሥር ያቆመኝ። ጠባሳው ረጅም ነው፣ ቀሚሴ አይሸፍነውም፤ አልሸፍነውምም።

አሁንም ለትልቅ ሰው እነሣለሁ። አትሳሳቱብኝ፤ ሥርዓት አልተውኩም። ግን ዛሬ ማንንም ሳስቀድም ለእሱ ነው ወይስ ለምርቃቱ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ከዚያም ሰውየውን እጠይቃለሁ፤ አየዮን በሦስተኛው ቀን አንዴ ብጠይቃቸው ኖሮ የግመሏን ነገር ያኔውኑ ይነግሩኝ ነበር። እናንተም ቤት ውስጥ ከሱቅ የመጣ የመድኃኒት ፍሬ እየከፈተ የሚነሰንስ ሰው ካለ ይህን አንብቡለት። ጋሽ ተፈራንም አስቡልኝ። «እኔ አይደለሁም» ማለት ይችሉ ነበር፤ የአንዲት ተማሪ ጽሑፍ ማን ያምናል? እሳቸው ግን መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። እኔ የዳንኩት በመርፌው ብቻ አይደለም፤ በዚያች መዳፍ ጭምር ነው።

ልጨርስ። አየዮ ከእኔ በኋላ ብዙ ሰነበቱ፤ ዶክተሩ የበሰበሰ የአጥንት ስንጣሪ ካወጣላቸው በኋላ የሁለት ዓመቱ ቁስል ደረቀ። የወጡ ቀን እኔና አባቴ ወደ ደምበል የሚሄደው መኪና ጋ ልናደርሳቸው ሄድን። የአባቴ ፒክ አፕ ከሾፌሩ ጎን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ እግሬ ገና ስለሚያስነክሰኝ አባቴ ቦታው የእኔ ነው ብሎ በሩን ከፈተልኝ። አየዮ ጓዛቸውን ይዘው ወደ ኋላው ጭነት ላይ ሊወጡ ሄዱ።

«አየዮ፣ ወዴት?»

«መጨረሻ አይደለሁ? ሲስተር አዛለች።»

በሩን ያዝኩላቸው። «እግርዎ ድኗል። ልጠይቅዎ፣ መቅደም ይፈልጋሉ?»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ አባቴን አዩት። «አንተ ልጅ፣ እጅህ ቀዝቃዛ ነው?» አሉት።

አባቴ ግራ ገብቶት እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ አሳያቸው። ነኩት።

«ይሞቃል» አሉና፣ ከፊት ገቡ። እኔ ከኋላ ጭነት ላይ ወጣሁ። የጅጅጋ ነፋስ ቀሚሴን ሲገልበው በአንድ እጄ ቀሚሴን፣ በሌላው መዝገቤን ይዤ፣ ተራዬን ለሁለተኛ ጊዜ የለቀቅኩ መሆኔን ለመጻፍ መኪናው እስኪቆም ድረስ ተቁነጠነጥኩ።